ከግድግዳ ወርዶ መጽሐፍ የገባው ልጅ፦ የኤዝራ ጃክ ኪትስ ሕይወትና ሥራዎች

በኒውዮርክ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ ሠዓሊ ከመጽሔት ቆርጦ ያወጣቸው አራት ትንንሽ ፎቶግራፎች ነበሩት። በፎቶግራፎቹ ላይ የሚታየው ሦስት ወይም አራት ዓመት የሚሆነው አንድ ጥቁር ሕፃን ነው። ሕፃኑ የደም ምርመራ ሊደረግለት ቀርቧል። መጀመሪያ ላይ ምን እንደሚጠብቀው ስላላወቀ ፊቱ በደስታ ፈክቷል፤ ቀጥሎ ግራ ይጋባል፤ በመጨረሻም ያዝናል። ሠዓሊው ፎቶግራፎቹን ያገኛቸው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በግንቦት ወር 1940 ከታተመው «ላይፍ» መጽሔት ላይ ነበር። የልጁ አኳኋን፣ የልብሱ አወራረድና የፊቱ መለዋወጥ ልቡን ስለገዛው ከሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀላቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመታት አለፉ። ጦርነት መጥቶ ሄደ፤ ሠዓሊውም ስሙን ቀየረ፤ ባሕር ተሻግሮ ተመለሰ። ፎቶግራፎቹ ግን ከእርሱ አልተለዩም።

ያ ሠዓሊ ኤዝራ ጃክ ኪትስ ይባላል። የዚያን ሕፃን መልክ ይዞ የሠራው አንድ ትንሽ መጽሐፍ በአሜሪካ የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ለረጅም ዘመን ተዘግቶ የኖረን በር ከፈተ።

ኪትስ የተወለደው እ.ኤ.አ መጋቢት 11 ቀን 1916 በኒውዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ክፍለ ከተማ፣ ኢስት ኒውዮርክ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። ሲወለድ የወጣለት ስም ጃኮብ ኤዝራ ካትዝ ነበር። አባቱ ቤንጃሚንና እናቱ ኦገስታ ከፖላንድ ተሰድደው የመጡ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ እርሱ ለቤተሰቡ ሦስተኛ ልጅ ነው። እናቱን ጎረቤት ሁሉ ጋሲ እያለ ይጠራት ነበር። ሰፈሩ ከየአገሩ የተሰደዱ ሰዎች በተጣበቡ ፎቆች ውስጥ ተደራርበው የሚኖሩበት፣ በየመስኮቱ ልብስ የሚሰጣበት፣ ሕፃናት ከመኪናና ከቆሻሻ ገንዳ መካከል የሚጫወቱበት ሥፍራ ነበር። ይህ መንደር ከዓመታት በኋላ በመጽሐፎቹ ገጾች ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ልጁ ገና በአራት ዓመቱ እጁ የገባውን ሁሉ መሣያ ማድረግ ጀመረ። አንድ ቀን የማእድ ቤቱን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር በሥዕል ሞላው። ቤቶችንና ሰዎችን፣ ያየውንም ያሰበውንም ሣለበት። እናቱ ስትመጣ ቁጣ እንደሚጠብቀው አስቦ ነበር። እናቱ ግን ሥዕሉን ትክ ብላ አየችው፤ ማጠቡም አሳዘናት። ለሰንበት ዋዜማ ብቻ የሚዘረጋውን ምርጥ የጠረጴዛ ልብስ አውጥታ ሸፈነችው። ጎረቤት በመጣ ቁጥርም ልብሱን ገለጥ እያደረገች የልጇን ሥራ በኩራት ታሳይ ነበር። አንድ ልጅ የመጀመሪያ ዐውደ ርእዩን በእናቱ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ከፈተ።

አባቱ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ቤንጃሚን ካትዝ ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው የከያኒያን ሰፈር በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ በአስተናጋጅነት ይሠራል። ሠዓሊዎች ሒሳብ መክፈል አቅቷቸው፣ ጫማቸው ተቀድዶ፣ በልተው ሳያድሩ ሲቀሩ በየቀኑ ያያል። ስለዚህ ልጁ ሥዕልን መተዳደሪያ እንዲያደርግ አልፈለገም፤ በግልጽም ይቃወመው ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ለአንድ የሰፈር ሱቅ ማስታወቂያ ሥሎ 25 ሳንቲም ሲከፈለው ብቻ አባት ጥቂት ተስፋ አደረገ። የማስታወቂያ ሠሌዳ መጻፍ ቢያንስ እንጀራ ያበላልና።

ሆኖም ይኸው አባት ከሥራ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ከኪሱ የቀለም ቱቦዎችን እያወጣ ለልጁ ይሰጠው ነበር። ቀለሙን የሰጡት የተራቡ ሠዓሊዎች እንደሆኑና ለአንድ ሳሕን ሾርባ ለውጠውት እንደሄዱ ይነግረዋል። ነገሩን የሚናገረው ልጁን ከሠዓሊነት ለማስፈራራት ነው። ልጁም ለረጅም ጊዜ አመነው። በኋላ ግን ቀለሙን አባቱ ከዚያች ከጠባቧ ደሞዙ ቀንሶ ይገዛው እንደነበረ ተረዳ። አባት በአፉ የሚከለክለውን በእጁ ያቀብል ነበር።

በትምህርት ቤት የልጁ ተሰጥኦ ፈጥኖ ታወቀ። በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ በሥዕል ሜዳልያ ተሸለመ። ሜዳልያው ለዓይን የሚሞላ ባይሆንም ለእርሱ ግን ትልቅ ነገር ስለነበር ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። በሰፈሩ ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ስለ ሥዕል ታሪክ የተጻፉ መጻሕፍትን እየፈለገ አነበበ። ቶማስ ጀፈርሰን በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲማርም በአገር አቀፍ የተማሪዎች የሥዕል ውድድር አሸነፈ። ያሸነፈበት ሥዕል ሥራ ያጡ ሰዎች እሳት ከብበው ሲሞቁ የሚያሳይ ነው። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያደቀቀበት፣ ሚሊዮኖች ከሥራቸው የተፈናቀሉበት ዘመን ነበርና ወጣቱ ለሥዕሉ የሚሆን ርእስ ፍለጋ ርቆ መሄድ አላስፈለገውም።

እ.ኤ.አ በጥር ወር 1935 የምረቃው ቀን ደረሰ። በሥዕል ከክፍሉ የላቀ ተማሪ ተብሎ ሊሸለም ተዘጋጅቷል። ከምረቃው ሁለት ቀን በፊት ግን አባቱ መንገድ ላይ በድንገተኛ የልብ ሕመም ወድቆ ሞተ። አስከሬኑን እንዲለይ የተጠራው ይኸው ወጣት ነበር። የአባቱን የኪስ ቦርሳ ሲከፍት ከውስጡ ያረጁ፣ ከመታጠፍ ብዛት ያለቁ የጋዜጣ ቁራጮችን አገኘ። ቁራጮቹ ልጁ ስላገኛቸው ሽልማቶች የተጻፉ ዜናዎች ነበሩ። ፊት ለፊት ያላመሰገነው አባት የልጁን ክብር ከደረቱ ሥር ይዞ ይዞር ኖሯል። ልጁ ይህን ያወቀው አባቱ ሊያጫውተው በማይችልበት ሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕይወት ፊቷን አጠቆረችበት። ከሥዕል ትምህርት ቤቶች ሦስት የነጻ ትምህርት ዕድሎች ቢያገኝም ቤተሰቡን መርዳት ስለነበረበት አንዱንም መጠቀም አልቻለም። ቀን እየሠራ ሲመቸው በማታ ሥዕል ተማረ። መንግሥት ሥራ ላጡ ከያኒያን ባዘጋጀው መርሐ ግብር በሕዝባዊ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ የሚሣሉ ትልልቅ ሥዕሎችን ሠራ። ቀጥሎም ወደ ሥዕላዊ የጀብድ መጽሔቶች ገብቶ ካፒቴን ማርቭል ለሚባለው ዝነኛ ገጸ ባሕርይ ታሪኮች ከጀርባ የሚታዩትን ሕንፃዎችና መንገዶች ይሥል ነበር። ጀግናው ሲበር የሚያየው ብዙ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ከተማ የሣለውን ግን ማንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም እ.ኤ.አ በ1943 ለውትድርና ተጠራ። በአየር ኃይል ውስጥ የተመደበበት ሥራም ከሙያው ጋር የተያያዘ ነበር። የጦር መሣሪያና ሥፍራ ከጠላት ዓይን እንዲሰወር የሚያደርጉ የቀለምና የቅርጽ ንድፎችን ያዘጋጅ ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ ያገኛት አገር ለጥቁሮች ብቻ ሳይሆን ለአይሁዳውያንም በር የምትዘጋ ነበረች። አንዳንድ የሥራ ማስታወቂያዎች አይሁድ እንዳያመለክቱ በይፋ ይከለክሉ ነበር። ካትዝ የሚለው ስም ብቻውን ከቅጥር ደጃፍ ያስመልሳል። በዚህም የተነሣ እ.ኤ.አ በ1947 ስሙን በሕግ አስለውጦ ኤዝራ ጃክ ኪትስ ተባለ። በተወለደበት ማንነት ምክንያት መገፋትን በራሱ ላይ ያየ ሰው ነበር። በኋላ ለሌሎች ልጆች ያሰበላቸውን ነገር ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ በ1949 ወደ ፓሪስ ተጓዘ። በዚያ ለወራት ሥዕል እየተማረና እየሠራ ቆየ። ሲመለስ በመጽሔቶች፣ በመጻሕፍት ሽፋኖችና በትልልቅ መደብሮች መስኮቶች ላይ ሥራዎቹ መታየት ጀመሩ። አንድ ቀን የአንድ ማተሚያ ድርጅት ኃላፊ በመጻሕፍት መደብር መስኮት ውስጥ ኪትስ የሣለውን ሽፋን አይታ ለሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል እንዲሠራ ጠየቀችው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ በ1954 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ኪትስ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው በርካታ የሕፃናት መጻሕፍት ላይ ሥዕል ሠርቷል።

በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ያስጨንቀው ጀመር። ሥዕል እንዲሠራላቸው ከሚመጡለት ጽሑፎች መካከል ዋና ገጸ ባሕርዩ ጥቁር ሕፃን የሆነ አንድም አልነበረም። ጥቁር ልጅ ቢገኝ እንኳ ከኋላ ቆሞ የሚታይ፣ ለቁጥር ማሟያ የገባ ነው። በኒውዮርክ መንገዶች ላይ የየዘሩ ልጆች ይጫወታሉ፤ በመጻሕፍቱ ገጽ ላይ ግን የሚጫወቱት ነጮቹ ብቻ ናቸው። ችግሩ የእርሱ ጥርጣሬ ብቻ አልነበረም። ናንሲ ላሪክ የተባለች ምሁር ከ1962 እስከ 1964 ባሉት ሦስት ዓመታት በአሜሪካ የታተሙ 5 ሺህ 206 የሕፃናት መጻሕፍትን መርምራ ጥቁር ሰው የሚታይባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን አረጋግጣለች። ይህም ከመቶ 6 ነጥብ 7 ነው። ከነዚያም በብዙዎቹ ውስጥ ጥቁሩ የዘመኑ ሰው ሳይሆን የባርነት ዘመን ትዝታ ነበር።

ኪትስ ራሱ በጽሑፍ የተሳተፈበት የመጀመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1960 ከሌላ ጸሐፊ ጋር ያዘጋጀው «ውሻዬ ጠፋ» የሚለው ነው። የታሪኩ ባለቤት ዋኒቶ የሚባል፣ ከፖርቶ ሪኮ ኒውዮርክ ከገባ ጥቂት ቀን የሆነው፣ ከስፓኒሽ በቀር ሌላ ቋንቋ የማይችል ልጅ ነው። ውሻው ይጠፋበታል። ቋንቋውን የማያውቁ፣ ከተለያየ አገር የመጡ የከተማዋ ልጆች እየተቀባበሉ ውሻውን ያፈላልጉለታል። አዲስ አገር የገባ ሰው አፉ ቢታሰርም ኀዘኑ ለሁሉም የሚገባ መሆኑን መጽሐፉ ለሕፃናት በሚመጥን መንገድ አሳየ።

ከዚያ በኋላ ቫይኪንግ በተባለው አሳታሚ ድርጅት የምትሠራው አርታኢ አኒስ ዳፍ ኪትስ የራሱን መጽሐፍ ብቻውን እንዲጽፍና እንዲሥል ጋበዘችው። ያን ጊዜ የአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜ ላይ ለመድረስ ተቃርቦ ነበር። ሃያ ዓመት ወደኖሩት ፎቶግራፎች ዞር አለ። ልጁም ከግድግዳ ወርዶ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ስሙ ፒተር ተባለ።

እ.ኤ.አ በ1962 የታተመው «በረዷማው ቀን» ታሪኩ እጅግ ቀላል ነው። ፒተር በጠዋት ይነቃል፤ በመስኮት ሲያይ ከተማው ሁሉ በበረዶ ተሸፍኗል። ይህ በረዶ በክረምት ነጎድጓድ መሐል እንደ ጠጠር የሚወርደው ዓይነት አይደለም፤ እንደ ተነደፈ ጥጥ በዝምታ እየረገፈ ምድሩን የሚያለብሰው ነው። ፒተር ቆብ ያለው ቀይ የብርድ ልብሱን ለብሶ ይወጣል። በበረዶው ላይ ዱካውን እየተወ ይሄዳል። በዱላ ዛፍ ሲመታ በረዶ በአናቱ ላይ ይወርድበታል። ትልልቆቹ ልጆች በበረዶ ሲወራወሩ መቀላቀል ይመኛል፤ ግን ገና ትንሽ ነው። ሲመሽ ለነገ ብሎ አንድ ድብልብል በረዶ ኪሱ ውስጥ ይከትና ወደ ሞቀው ቤቱ ይገባል። ለእናቱ የዋለበትን ይነግራታል፤ ገላውን ይታጠባል። ከመተኛቱ በፊት ኪሱን ሲፈትሽ በረዶው የለም። አዝኖ ይተኛል፤ በሕልሙም ፀሐይ በረዶውን ሁሉ ስታቀልጥ ያያል። ሲነጋ ግን በረዶው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም አዲስ እየጨመረ ነው። ፒተር ከጎረቤት ጓደኛውን ጠርቶ አብረው ይወጣሉ።

ታሪኩ ይኸው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ልጁ ቆዳ ቀለም አንድም ቃል አልተጻፈም። ፒተር የሚሰበክበት፣ የሚታዘንለት ወይም ለሌሎች ትምህርት የሚሆን ልጅ አይደለም። በበረዶ የሚደሰት፣ ኪሱ ባዶ ሲሆን የሚያዝን ልጅ ነው። የመጽሐፉ ጉልበትም ያለው በዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ሕፃን ያልተፈቀደለት ነገር ጀግንነት ብቻ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ልጅ ተራ ቀን ማሳለፍም አልተፈቀደለትም ነበር።

ሥዕሎቹም አዲስ ነበሩ። ኪትስ ሥራውን ሲጀምር ጥቂት ቁርጥራጭ ወረቀቶችን ለማስጌጫ ያህል ለመለጠፍ ብቻ አስቦ ነበር። ሥራው ግን ወደ ኮላዥ፣ ማለትም ወረቀትና ጨርቅ እየቆረጡ በመለጠፍ ሥዕል ወደ መሥራት ጥበብ ወሰደው። ከጃፓን፣ ከጣሊያንና ከስዊድን የመጡ ጌጠኛ ወረቀቶችን ተጠቀመ። የፒተርን አንሶላ ከቤልጂየም በመጣ የሠዓሊ ሸራ ሠራው። የእናቱን ቀሚስ የቁም ሣጥን መደርደሪያ ከሚነጠፍበት ሰም የተቀባ ጨርቅ ቆረጠው። የበረዶውን ቅንጣት ከላጲስ በቀረጸው ማኅተም አተመ። ልጁ አዝኖ የሚተኛበትን ግራጫ ሌሊት ደግሞ በጥርስ ብሩሽ ጥቁር ቀለም እየረጨ ፈጠረው። ከድሃ ቤት የወጣ ልጅ ከቁራጭና ከተረፈ ነገር ውበት ማውጣትን ቀድሞ ያውቅበታል።

እ.ኤ.አ በ1963 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ለዓመቱ ምርጥ ሥዕላዊ የሕፃናት መጽሐፍ የሚሰጠውን የካልዴኮት ሜዳልያ ለ«በረዷማው ቀን» ሰጠ። ጥቁር ልጅን ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረገ መጽሐፍ ይህን ሜዳልያ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ጊዜውም የዋዛ አልነበረም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ሩብ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለእኩልነት በዋሽንግተን ሰልፍ ወጥቷል። በደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በአንድ ክፍል እንዳይማሩ ግጭት ይካሄድ ነበር። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ቀይ ልብስ የለበሰ ትንሽ ልጅ በነጭ በረዶ ላይ በዝምታ ዱካውን እየተወ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ መጻሕፍቱ ገባ።

ለኪትስ ብዙ ደብዳቤዎች ደረሱት። ዝነኛው ጥቁር ባለቅኔ ላንግስተን ሂዩዝ መጽሐፉን ወዶ አድናቆቱን በጽሑፍ ገልጿል። ከሁሉ ልብ የሚነካው ግን ከአንዲት መምህርት የመጣው ነው። በክፍሏ ያሉ ጥቁር ልጆች ራሳቸውን ሲሥሉ ሁልጊዜ የሚያነሡት ፈዛዛ ሮዝ ከለር ነበር። «በረዷማው ቀን» ከተነበበላቸው በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቡናማውን ከለር ማንሳት ጀመሩ። አንድ መጽሐፍ ለአንድ ልጅ ምን እንደሚያደርግለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ይሁንና ምስጋናው ያለ ወቀሳ አልመጣም። እ.ኤ.አ በ1965 ያቺው ናንሲ ላሪክ ባሳተመችው ጽሑፍ የፒተርን እናት አሣሣል ነቀፈች። ወፍራሟ፣ ደማቅ ቀሚስ የለበሰችው ሴት ስለ ጥቁር ሴቶች ለዘመናት የተሣለውን የሠራተኛ ምስል ታስታውሳለች የሚል ነበር ነቀፋዋ። የልጁ ጥቁርነት በጽሑፉ ውስጥ አለመነሳቱም አላስደሰታትም። በኋላም በ1960ዎቹ መጨረሻ የጥቁሮች የራስን ታሪክ በራስ የመጻፍ ጥያቄ ሲጎላ፣ አንድ ነጭ ሰው ስለ ጥቁር ልጅ ለመጻፍ ምን መብት አለው የሚል ጥያቄ ተነሣ። ኪትስ ለላሪክ ጽሑፍ በመጽሔቱ ላይ መልስ ሰጥቷል፤ ወቀሳውም ክፉኛ አሳዝኖታል። ጥያቄው ግን ባዶ አልነበረም። ጥቁር ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች በአሳታሚዎች ደጅ ሲመለሱ ነጩ ሠዓሊ መግባቱ እውነት ነበር። ሁለቱም እውነቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በሩ ኢፍትሐዊ ነበር፤ ኪትስም በገባበት በር ብቻውን አልገባም፤ ፒተርን ይዞ ገባ።

ኪትስ ወቀሳውን ሰምቶ ፒተርን አልተወውም። ልጁ በሰባት መጻሕፍት ውስጥ ከዓመት ዓመት እያደገ ሄደ። በ1964 በታተመው መጽሐፍ ውሻው ዊሊን ለመጥራት ፉጨት ይማራል። በ1967 በታተመው «የፒተር ወንበር» ውስጥ ታናሽ እህት ትወለድለታለች። ወላጆቹ የእርሱን የሕፃንነት አልጋ ለእርሷ ሮዝ ቀለም ሲቀቡ ቅናት ይይዘዋል። ያልተቀባችውን ትንሽ ወንበሩን ይዞ ከውሻው ጋር ከቤት ይወጣል። ደጅ ላይ ሊቀመጥባት ሲሞክር ግን አይበቃባትም፤ አድጓል። ተመልሶ ከአባቱ ጋር ወንበሯን ለእህቱ ይቀባል። ታናሽ የተወለደበት ልጅ ሁሉ፣ የትም አገር ቢሆን፣ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ፒተር ለአንዲት ልጅ የልደት ጥሪ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከጉልበተኞች ያመልጣል፤ በመጨረሻም የሰፈር ልጆች የቤት እንስሶቻቸውን ለውድድር የሚያቀርቡበትን ትርዒት ይካፈላል። እ.ኤ.አ በ1969 የታተመው የመነጽር ታሪክም በካልዴኮት ሽልማት በክብር ተጠቅሷል።

ከፒተር ውጭ ባሉት ሥራዎቹም የብሩክሊን ልጅነቱ ደጋግሞ ይመጣል። በአንዱ ታሪክ ሁለት ወንድማማቾች በድሃ ፎቅ ውስጥ የሚሰማ ሙዚቃ ተከትለው በየበሩ እያለፉ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ያገኛሉ። በሌላው ውስጥ ሉዊ የሚባል የማይናገር ልጅ በአሻንጉሊት ትርዒት ላይ አንዲት አሻንጉሊት ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ ሰላም ይላታል። የአሻንጉሊቷ ስም ጋሲ ነው። የኪትስ እናት ጎረቤት ይጠራት በነበረው ስም በልጇ መጽሐፍ ውስጥ ተቀመጠች። እ.ኤ.አ በ1965 ደግሞ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ በአፈ ታሪክ የሚነገረውን የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የጆን ሄንሪን ታሪክ በትልልቅ ሥዕሎች አቅርቧል። በጠቅላላው ራሱ ጽፎ የሣላቸው መጻሕፍት ከሃያ ይበልጣሉ፤ ለሌሎች ጸሐፊዎች የሣላቸው ሲጨመሩ ቁጥሩ ከሰማንያ ያልፋል።

ኪትስ ትዳር አልመሠረተም፤ ልጅም አልነበረውም። ነገር ግን ከየአገሩ ሕፃናት ይጽፉለት ነበር፤ እርሱም ይመልስላቸዋል። ለተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የሰላምታ ካርዶችን ሥሏል። መጽሐፎቹ በጃፓን እጅግ ተወድደው ኪዮሴ በተባለች ከተማ የልጆች የመንሸራተቻ ሜዳ በስሙ ተሰይሟል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያልተለየው ወዳጁ የኬሚስትሪ ሊቁ ማርቲን ፖፕ ነበር። እ.ኤ.አ በ1964 በስሙ አንድ ፋውንዴሽን ያቋቋመ ሲሆን፣ ከሞተ በኋላ ከመጽሐፎቹ የሚገኘው ገቢ ለሕፃናት ትምህርትና ንባብ እንዲውል አደረገ። አደራውን የተረከቡትም ይኸው ወዳጁና ባለቤቱ ናቸው።

ኤዝራ ጃክ ኪትስ እ.ኤ.አ ግንቦት 6 ቀን 1983 በስልሳ ሰባት ዓመቱ በኒውዮርክ ከተማ ዐረፈ። ለሞት ያበቃው እንደ አባቱ ሁሉ የልብ ሕመም ነበር። ሲሞት ያላለቀ መጽሐፍ በእጁ ነበር።

ያቋቋመው ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የየባህሉን ልጆች ሕይወት በመጽሐፍ ለሚያሳዩ ጀማሪ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ሽልማት ይሰጣል። ከተሸላሚዎቹ መካከል ጥቁሮች፣ እስያውያንና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ይገኙበታል። በሕይወት ሳለ የተነሣበት ጥያቄ በገዛ ገንዘቡ መልስ ማግኘት ጀመረ። የሥዕሎቹና የደብዳቤዎቹ መዝገብም በሚሲሲፒ ግዛት በሚገኝ የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ይጠበቃል። «በረዷማው ቀን» በታተመበት ዓመት በዚያች ግዛት አንድ ጥቁር ወጣት ዩኒቨርሲቲ በመመዝገቡ ብቻ ሁከት ተነሥቶ ሰው ሞቶ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2017 የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ፒተር በበረዶው ውስጥ ሲጫወት የሚያሳዩ ቴምብሮችን አወጣ። በ2020 ደግሞ የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ125 ዓመት ታሪኩ ውስጥ አንባቢዎች በብዛት የተዋሷቸውን መጻሕፍት ሲቆጥር አንደኛ የወጣው ይህ ትንሽ መጽሐፍ ሆነ። 485 ሺህ 583 ጊዜ ከመደርደሪያው ወጥቶ ወደ ሰው ቤት ገብቷል። ዕውቅ ልቦለዶችን ሁሉ የቀደመው በምሽት እናቶችና አባቶች ለልጆቻቸው የሚያነቡት የአንድ ጥቁር ሕፃን የበረዶ ቀን ነው።

ዛሬ በብሩክሊን፣ ፕሮስፔክት ፓርክ በሚባለው መናፈሻ ውስጥ የፒተርና የውሻው የዊሊ የነሐስ ሐውልት ቆሟል። ኪትስ ከተወለደበት ሰፈር ብዙም አይርቅም። ልጆች እየወጡበት ይጫወታሉ፤ ተረት ይነበብላቸዋል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ከየት መጣህ የማይባባሉ ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ የሠዓሊውን ስም አያውቁም። ፒተርን ግን ሁሉም ያውቁታል፤ ጓደኛቸው ነውና።